በግራም በቀኝም

ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ነበርን፤ አንድ የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ፣ ኮምፒውተር የሚጠግኑት ጋሼ ሰይድ እና እኔ።

«ጋሼ፣ ፋይል የማደራጅበት ሌላ ፕሮግራም ጫንኩ። የድሮው ይንቀራፈፍ ነበር።»

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

«የፕሮግራሙ መስኮት ስክሪኑ ላይ ለሁለት ተከፈለ። የተማሪዎቹ ውጤት በግራም በቀኝም ታየኝ። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ መስሎኝ የቀኙን አጠፋሁ።»

«ያ አላህ! አንዱን ፎልደር እኮ ነው ሁለት ቦታ የሚያሳይህ!»

«የግራውም አብሮ ጠፋ።»

«የጠፋ ፋይል የሚገባበት ቅርጫት ውስጥስ?»

«እሱንም አራገፍኩት።»

«አንተ ደግሞ ጽዳት ስትወድ! ቅጂ የለህም?»

«የለኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ነገ ይላካል።»

«በላዩ ሌላ ነገር ካልተጫነበት ሊመለስ ይችላል። ኮምፒውተሩን ዘግተኸዋል?»

«ጸሐፊዋ የምረቃ ቪዲዮ እየገለበጠችበት ነው።»

«ደውልላት! አሁኑኑ ታቁም!»

ስልኩ ጆሮው ላይ ሲጠራ እኔም ጥሪውን በልቤ እቆጥር ነበር።