በቀይ የተጨመረችው ፊደል

የምስክር ቃል መቀበያ

ምስክር፦ ስሙ በመዝገቡ የተያዘ፣ ወንድ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የማተሚያ ቤት አራሚ
አድራሻ፦ ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ፣ ከጫማ አዳሹ በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40 ጀምሮ

ዛሬ ከጠዋቱ 3፡20 ላይ አንድ ግማሽ ገጽ ወረቀት ለመርማሪው አስረክቤአለሁ። ወረቀቱ ላይ የአንድ ማዘርቦርድና የአንድ ፕሮሰሰር ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። በፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የምትባል ፊደል በቀይ አለች። ሰማያዊው የተጠርጣሪው እጅ ጽሑፍ ነው። ቀዩ የእኔ ነው።

ተጠርጣሪው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የሚገጣጥማቸው ኮምፒውተሮች ድምፅ ስለማያሰሙ በሰፈሩ ሹክሹክታ ይሉታል። የታናሽ እህታችን እጮኛም ነው። የግል ተበዳይ ታላቅ ወንድሜ ሲሆን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሦስታችን በሹክሹክታ ሱቅ ተገናኘን። ወንድሜ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ፊልም የሚያይበት ኮምፒውተር እንዲሠራለት ጠየቀ፤ ካለው ሁሉ ጉልበታሙ ፕሮሰሰር ይሁንልኝም አለ። ሹክሹክታ «ጋሼ፣ የከባድ መኪና ሞተር ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል? ይሞቃል፤ ሲሞቅ ማራገቢያው ይጮኻል። ፊልሙን ትተህ እሱን ስታዳምጥ ልታመሽ ነው?» አለው።

ከዚያም ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መደርደሪያ የሚገባ ትንሽ ማዘርቦርድ፣ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ፣ መረጠ። ለእሱም ሙቀቱ አነስተኛ የሆነና ሥዕል ማውጫው በውስጡ ያለ ፕሮሰሰር መረጠ። ሥዕል ማውጫው በውስጡ ከሌለ ሌላ ካርድ መጨመር ግድ እንደሚሆን፣ ያን ጊዜ ሳጥኑም ጩኸቱም እንደሚያድግ አስረዳን። ወንድሜ «ማዘርቦርዷ እናት ከሆነች ፕሮሰሰሩ አባት ነዋ?» ሲለው፣ «አባት አይደለም፣ አማች ነው። ከእናትየው ጋር ካልተስማማ ቤቱ አይበራም» አለ። ሳቅን። ቁጥሮቹን ጻፈልን። ወንድሜ ወረቀቱን «አንተ የፊደል ሰው ነህ፣ ያዘው» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

በዚያው ዕለት 8 ሰዓት ላይ ከወንድሜ ጋር ወደ ዕቃ መሸጫው ሄድን። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የታተመ ዝርዝር ያንኑ ቁጥር አገኘሁት፤ መጨረሻው ላይ ግን ኤፍ ነበረበት። ኤፍ የሌለው ቁጥር በዝርዝሩ አልነበረም። በእኛ ሥራ የእጅ ጽሑፍና ሕትመት ሲለያዩ የሚታመነው ሕትመቱ ነው። ሹክሹክታ ፊደል ገድፏል ብዬ በቀይ ጨመርኩለት። ማንንም አልጠየቅሁም። ሻጩ የጠየቅነውን ፕሮሰሰር አውጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ተከለው፤ ማቀዝቀዣውንም አጥብቆ ሰጠን። በዚህ ምክንያት በፕሮሰሰሩ አናት ላይ ያለው ጽሑፍ ከውጭ አይታይም ነበር።

እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሹክሹክታ በወንድሜ ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩን ገጣጠመው። ማራገቢያው ዞረ፤ ቴሌቪዥኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ወንድሜ «ንፋሱስ ደረሰን፣ ሥዕሉ የታለ?» አለ። ሹክሹክታ ማዘርቦርዱን ከነፕሮሰሰሩ ለመመርመር ወደ ሱቁ ወሰደው። ሰኞ ጠዋት ስንሄድ ማቀዝቀዣውን አንስቶ አሳየንና «ይሄ እኔ የመረጥኩት አይደለም። መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት ሥዕል አያወጣም» አለ። ወንድሜ «እዚህ ሲያድር ለውጠኸዋል» ብሎ ሌባ አለው። «ገና እህታችንን ሳታገባ ቤታችንን ልታራግፍ!» ሲለው ሰምቻለሁ። ሹክሹክታ ድምፁን ሳያነሳ «ወረቀቱ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ቤት ነው፣ እፈልገዋለሁ» አልኩ። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

በዚያው ዕለት 10 ሰዓት ላይ ወንድሜ ፕሮሰሰሬን ለውጦብኛል ብሎ አመለከተ፤ ሹክሹክታም ተያዘ። ማክሰኞ ሥራ ገብቼ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ አንድም ግድፈት ማየት አቃተኝ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ መስኮት ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁ። ሁለት ጊዜ እስከ ጣቢያው በር መጥቼ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታናሽ እህቴ ምሳ ይዛለት ስትመጣ በሩ ላይ ተገናኘን። «ወንድምዬ፣ ገብተህ ጠየቅከው?» አለችኝ። ወረፋ አለ አልኋት። ወረፋ አልነበረም። እሷ ወዲያው ገባች።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ተጠይቄ፣ ወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ «የማይሳሳተው» እያለ ስለሚጠራኝ አፍሬ ነው ብያለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሹክሹክታ ፕሮሰሰሩን አልለወጠም። የተገዛው እኔ ያረምኩት ነው።

ወረቀቱን ካስረከብሁ በኋላ በመርማሪው ፊት ለወንድሜ ደውዬ ይህንኑ ነገርሁት። እሱም «አሁን ዓይኑን በምን ዓይኔ ነው የማየው?» አለ።

ቃሌ ከተጻፈ በኋላ ራሴ አንብቤዋለሁ። ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝቻለሁ። መርማሪው እስክሪብቶ ቢያቀብለኝም ፍሬ ነገሩን ስለማይለውጡ አልነካኋቸውም። የሰጠሁት ቃል ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያደረግሁትን ብቻ የያዘ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የግል ተበዳይ አቤቱታውን ማንሳቱን ወይም መቀጠሉን ለማስታወቅ ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንዲቀርብ ተነግሮታል። ተጠርጣሪው እስከዚያ ይቆያል። ምስክሩ ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚችል ቢነገረውም በኮሪደሩ እየተመላለሰ ይገኛል።