የካልኒንሽ አባት

ያኔ ሴቻ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። ከላትቪያ አንድ እንግዳ ይመጣል፣ ሁለተኛ ስሙ ካልኒንሽ ነው ተባለ። እኔ ፈጣኑ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወርጄ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና ስሙን ብፈልግ አገሩ የሚያከብረው የሙዚቃ ደራሲ ወጣልኝ። እኛ ዘንድ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም አይደል? በቃ፣ እንግዳችን የትልቅ ሰው ልጅ ነው አልኩ።

ምሳ ላይ ተነስቼ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ «የታላቁ ሙዚቀኛ ልጅ መሃላችን ነው፤ እስቲ ለአባቱ እንነሳላቸው» ብዬ አዳራሹን ሙሉ አስጨበጨብኩ። እንግዳው ፊቱ ቀላ። ሰው ሲቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ «ካልኒንሽ እኛ አገር የቤተሰብ ስም ነው፤ ሙዚቀኛውም፣ ስፖርተኛውም፣ የሰፈሬ ዳቦ ጋጋሪም ካልኒንሽ ነው። ዘመዶቼ አይደሉም። የእኔ አባት ዓሣ አጥማጅ ነበር» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ «ግድ የለም፤ ለአባቴ ሰው ተነስቶለት አያውቅም፣ ደስ ብሎኛል። የአንተስ አባት ምን ይሠራሉ?» አለኝ።

ቀና ስል አባቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከአባያ ሐይቅ ያወጣውን ዓሣ ሊያስረክብ መጥቶ፣ ሰው ሲነሳ አይቶ እሱም ሲያጨበጭብ ነበር። በየሳምንቱ ዓሣ ሲያመጣ፣ አባቴ ነው ብዬ ለአንድ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አባቴ እንደለመደው የማያውቀኝ መስሎ በጓሮ በር ወጣ።