ቁጥራቸው የተወለወለ ቫልቮች

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጊታር ይዞ ሰርግ መሄድ እንዳሁኑ ቀላል አልነበረም። ደርግ ወድቆ የፍኖተ ሰላም የኪነት ቡድናችን ሲበተን ለእኔ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ተረፈኝ፤ ሆዱ ውስጥ አምፖል የሚመስሉ ቫልቮች የተሰኩበት፣ ሲሞቁ እንደ ፍም የሚቀሉ፣ ድምፁን የሚያወጡትም እነሱ። ታዲያ ከዘፋኟ ከጥሩወርቅ ጋር ሆነን ከቡሬ እስከ ጅጋ ሰርግ እናደምቅ ነበር፣ እና ቴፕ መጣብን። ሰዉ ሁሉ ካሴት እየከተተ መዳር ጀመረ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንዲት ሰርግ ቀረችን፤ ጅጋ፣ አቶ ገላዬ የሚባሉ ሰው ልጃቸውን ሲድሩ። ታዲያ ስንለማመድ ሁለቱ ትልልቅ ቫልቮች ጧ ብለው ተቃጠሉ። ለአቶ ገላዬ ብንነግራቸው፣ ካልተሠራ ቴፕ አለኝ፣ አትቸገሩ አሉን። አትቸገሩ ሲሉ ሰማችሁልኝ? ያችን ሰርግ ቴፕ ከወሰዳት ከፋሲካ በኋላስ ማን ይጠራናል? እንጀራችን አበቃ ማለት እኮ ነው።

ታዲያ አምፕሊፋየሩን መኪና ላይ ጭነን ወደ ቡሬ በረርን። እዚያ አያ ሙላት የሚባል ሬዲዮ ሠሪ አለ፣ ከሞቱ ሬዲዮዎች የነቀለውን ቫልቭ በካርቶን ያጠራቅማል። መስታወቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያያችሁ ምረጡ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ሌላ ከገባበት አምፕሊፋየሩ ራሱ ይቃጠላል አለን። እና እኔ የመመለሻ መኪና ልጠይቅ ወጣሁ።

ስመለስ ካርቶኑ ሙሉ ቫልቭ እንደ ሰርግ ብርጭቆ ያበራል። ጥሩወርቅ ጥላሸቱን አይታ፣ ሙሽራ ፊት የቆሸሸ ነገር አይቀርብም ብላ፣ አንድ በአንድ በአረቄ ወልውላዋለች፣ እናንተዬ። አንዱን አነሳሁ፣ ቁጥር የለም። ሌላውን አነሳሁ፣ ቁጥር የለም። ለካ ያ ጽሑፍ በአረቄ ይለቃል።

"ጥሩዬ፣ ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"ምን አደረግሁ? አጸዳሁ።"

"ቁጥሩን እኮ ነው ያጸዳሽው።"

አያ ሙላት እጁን አፉ ላይ ጫነ። እሷ እንባዋ መጣ፤ አንዱን ቫልቭ አንስታ ከንፈሯ ድረስ አስጠግታ፣ ወይኔ፣ ምን ነካኝ፣ ወይኔ እያለች ትተነፍስበታለች። እና ድንገት ቫልቩን ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረገችው።

"ና እስኪ፣ ና እይ" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ትንፋሿ ያደበዘዘው መስታወት ላይ ቁጥሩ እንደ ጥላ ብቅ ብሎ ተመልሶ ጠፋ። ኧረ እንዴት እንደ ዘለልሁ! ታዲያ ሦስታችንም ካርቶኑን ከበን ሃ፣ ሃ፣ ሃ እያልን እንተነፍሳለን፤ ያየን ሰው ድግምት የምንደግም ነው የሚመስለው። የእኛን ቁጥር የያዙ ሦስት ተገኙ፣ የአንዱ ግን አናቱ ነጥቷል፤ ደኅናው አናቱ ላይ እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ የነጣው አየር ገብቶበት ሞቷል። እና ሁለቱን ሰካን። ያን ቀን ቡሬ መብራት የለም፣ ሳንሞክረው ይዘነው ሄድን።

ጅጋ ዳሱ ውስጥ ማብሪያውን ተጫንሁ። ዝም። ቫልቭ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይኸንን እኔ አውቃለሁ፣ አቶ ገላዬ ግን የት ያውቁታል፣ እጃቸውን ወደ ቴፑ ሰደዱ። ጥቂት ይታገሡን ብላቸው፣ ሙሽራ ቆሟል እኮ ልጄ አሉኝ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ታዲያ ያ ቫልቭ ቀስ እያለ ቀላ፣ ቀላ፣ ቀላ፣ እና ጊታሩን ብመታው ዳሱ ተናጋ!

ጥሩወርቅ ለቀቀችው። የሙሽራይቱን ስም፣ የእናቷን ስም፣ ያሳደጓትን የአያቷን ስም እየጠራች አወረደችው። የሙሽራይቱ እናት እንባቸውን እያበሱ መጡና ቴፑን ከጠረጴዛው አንስተው ባላቸውን አስታቀፏቸው።

"እንኩ፣ ይኸ የልጄን ስም አያውቅም" አሏቸው።

አቶ ገላዬ ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቴፑን እንዳቀፉ እስክስታውን ወረዱት! *(ይሥቃሉ)* እኛንማ ለዳግም ትንሣኤ የሚጠራን ሰው እዚያው ዳስ ውስጥ ተሻማብን።