ሹር፣ ዴፊኔትሊ፣ አብሶሉትሊ

ተይ ልጄ፣ አትነሺ፣ ውሃ ይበቃኛል። መጋረጃውን ቀየራችሁት እንዴ? ቤቱን እንዴት አበራው… ደረጃችሁ ግን ያስፈራል፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው የወጣሁት። ባልሽ ጓዳ ስልክ ላይ ነው አይደል? አትጥሪው፣ የሥራ ጉዳይ ይሆናል። በሩንም አትዝጊው፣ አየር ይግባ።

አማትሽ ሰላም ብላሻለች። ነገ ዓይኗን ይሠሩላታል። ሁለቴ ቀጠሮ ስላለፋት ሐኪሙ አሁን ከቀረች ተራዋን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። ወሳጅ ጠፍቶ ነው እንዳትዪኝ… ሰው መቼ ጠፋ?

ልጄ ስልኩን እስኪጨርስ ስለ አንድ የማውቀው ሰው ላጫውትሽ። ባልሽን አይደለም፣ እንዴት ብዬ። ሌላ ሰው ነው። የተማረ፣ ጨዋ፣ እምቢ የሚባል ቃል ካፉ የማይወጣ። እሱም እናት አለችው፤ የእሷንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ምን ይገርማል፣ ዓይኗን የማያማት አሮጊት የት አለች?

ታዲያ ይሄ ሰው እናቱ «ትወስደኛለህ ወይ» ስትለው እንደ ማንም «እሺ» አይላትም። መጀመሪያ «ሹር» አላት። ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። በሁለተኛው «ዴፊኔትሊ» አላት። ያን ቀን መንገድ ተዘጋግቶበት ነው አሉ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው፣ እንዳልሳሳት ብዬ መድኃኒት የምትሸጥልንን ልጅ ጠየቅኋት። ሁሉም «በእርግጥ» ማለት ነው፣ ብቻ አንዱ ካንዱ ጠንከር ይላል አለችኝ። አክብሮቱን አየሽልኝ? በቀረ ቁጥር ቃሉን ያጠነክርላታል። አለቃው ሲጠራው ግን «እሺ ጌታዬ» ብቻ ብሎ ሮጦ ይሄዳል። ምስኪን አለቃ፣ አንድ እንኳ ደህና እንግሊዝኛ አልደረሰውም።

ድሮ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባል ነበር። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው? የዛሬ ሰው አዛኝ ነው… የተናገሩት ይጥፋ፣ የወለዷቸው ይጠብቁ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳልም ይላሉ። እሷ ደግሞ ዓይኗ አያይ፣ በምን ትፍረድበት? መኪና ባለፈ ቁጥር «እሱ ነው፣ መጣ» ትለኛለች… ማለቴ፣ ትላለች አሉ።

ዛሬ ጠዋት ስለ ነገው ቢጠይቁት «አብሶሉትሊ» አለ። ላዩ ላይ «ሀንድረድ ፐርሰንት» ጨመረበት። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፣ ይህን ያህል ማረጋገጫ ያስደነግጠኛል። ስልኩን እንደዘጋሁ በቀጥታ ጎረቤታችን አናጢው ዘንድ ሄድኩ። እሱ እንኳ አነጋገር የለውም፤ «እንግዲህ እንሞክራለን አባባ» ነው ያለኝ። ስወጣ እንጨት የሚጭንባትን መኪና እያጠበ ነበር። አማትሽ የምትቀመጥበት ላይ ትራስ አድርጎላታል።

ስለዚህ ባልሽ ነገ አይጨነቅ። ይህንኑ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት… አይ፣ አሁንም አትጥሪው። እዚያው ጓዳ ሆኖም ሰምቶኛል መሰለኝ፣ ስልኩ ጸጥ ብሏል።

በይ ልሂድ። አንቺም ወርሽ ገብቷል፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ። ወንድ ልጅ ይስጥሽ፣ መልኩም ጠባዩም ቁርጥ አባቱን። በእርጅናችሁም ሌላ ሰው አያሳያችሁ፣ እሱው ይጡራችሁ።

አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።