በሩ ላይ የሚቆረጥ ስልክ

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታዴዎስ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «እንወድሻለን ምንትዋብ» የሚል ተጽፏል። ማን እንዳስጻፈው ሳጠያይቅ ነበር። ኬክ ቤቱ በራሱ ጨምሮበት ነው አሉኝ። ኬክ ቤቱንም አመሰግናለሁ።

ቅድም አቢ ከሰው ሀብት ክፍል መጥቶ «እትዬ ምንትዋብ፣ ዛሬ እንኳ ደስ የሚል ነገር ይናገሩ እንጂ» አለኝ። ደስ የሚለውን ስሙ እንግዲህ፦ ጡረታዬ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ እናንተን አላይም።

የምሄደው ተናድጄ ነው። እኛ ምክንያቱን እናውቃለን፤ እንግዶች ስላላችሁ ግን ከመጀመሪያው ላስረዳ። እኔ የኔትወርክ መሐንዲስ ነኝ። የምንሸጠው አገልግሎት ቀላል ነው። ደንበኛው በቤቱ ዋይፋይ እያወራ ከቤት ሲወጣ፣ ጥሪው ሳይቆረጥ ወደ ሞባይል ኔትወርክ ይሻገራል። ቢያንስ ማስታወቂያችን እንደዚያ ይላል።

አገልግሎቱን የመረቅንበት ዕለት ትዝ ይላችኋል? ስልኩ ስብሰባ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ኢዩኤል የዋይፋዩን መሣሪያ ከሶኬት ነቀለ። ጥሪው ቀጠለ፤ ተጨበጨበ። እኔ «አቶ ታዴዎስ፣ ስልኩን ይዘን እስከ ግቢው በር እንሂድ እንጂ» አልኩ። «ወይዘሮ ምንትዋብ፣ እየዘነበ ነው፤ እንግዶቹ ይበሰብሳሉ» አሉኝ። የአዲስ አበባ ዝናብ የማያውቃቸው እንግዶች ነበሩ መሰለኝ።

ለመሆኑ ከቤቱ ሲወጣ ዋይፋዩን ነቅሎ የሚወጣ ሰው ታውቃላችሁ? ሰው በእግሩ ነው የሚወጣው። ዋይፋዩ በአንዴ አይጠፋም፤ እየደከመ ነው የሚሄደው። ስልኩ ደግሞ የደከመውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ደንበኛው የብረት በሩን አልፎ ሲወጣ ድምፅ የለም፣ ስልኩም ወደ ሞባይል ኔትወርክ አልተሻገረም። በእኛ አገልግሎት የሚደሰቱት መብራት የሚጠፋባቸው ደንበኞች ብቻ ናቸው። እነሱ ቤት ዋይፋዩ ድንገት ነው የሚሞተው፤ ልክ ኢዩኤል እንደነቀለው።

በዚህ ከተማ ደግሞ ስልክ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የት ነው? በር ላይ! የቤት ቁጥር አይቶ የመጣ እንግዳ አለ? «ኮብልስቶኑን ይዘህ ግባ፣ አረንጓዴውን በር እለፍ፣ ቆይ ወጣሁልህ፣ ታየሁህ?» እያልን አይደል የምንኖረው? እኛ የምንቆርጠው ልክ «ወጣሁልህ» ሲል ነው።

የገርጂው ደንበኛችን አቶ ኃይለኪሮስ፣ እናታቸው አስም ተነሥቶባቸው አምቡላንስ ጠሩ። ሾፌሩ መንገድ ጠፍቶት ደወለ። እየመሩት ወጡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ መስመሩ ዝም አለ። አምቡላንሱ በሌላ ቅያስ አልፎ ሄደ። እናትየውን ተሸክመው አስፋልት አወጧቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል። እኛስ ምን አደረግን? ስልክ የምትቀበለው ቲጂ «ደንበኞች ሲያወሩ ባሉበት ይቁሙ በይ» ተባለች። አንዲት ሴትዮ «ገመድ አልባ ብላችሁ ሸጣችሁልኝ አሁን ልታስሩኝ ነው?» አለቻት።

ከዚያ ጥፋተኛ ተፈለገ፤ ተገኘም። ገመዳ! መሣሪያውን አቶ ኃይለኪሮስ ቤት የገጠመው ቴክኒሻን እሱ ስለሆነ «ያለ ቦታው ገጥሞት ነው» ተባለና ታገደ። ሰኞ ኮሚቴው ሊያሰናብተው ይሰበሰባል። ሚስቱ አራስ ናት። ዛሬ ሊሸኘኝ መጥቶ ነበር፤ ባጅህን አስረክበሃል ብለው ጥበቃዎቹ አላስገቡትም። አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአቶ ታዴዎስ ይልቅ ያቃጠላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ኢዩኤል፣ ምሳ ላይ «ገመዳ ምን አጠፋ?» ትለኛለህ፤ ስብሰባ ስንገባ ጫማህን ታያለህ። ሄርሞን፣ አንቺም ያው ነሽ። በናንተ አፍራለሁ።

ስጦታችሁን አልፈልግም፤ ሰዓቱን ለሌላ ሰው ስጡት። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። አቶ ታዴዎስ፣ በእኛው አገልግሎት አሁን ይደውሉልኝና እያወራን እስከ ግቢው በር ይሂዱ። የዚህን ቢሮ ዋይፋይ የገጠመው ገመዳ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ ቆመው፣ ቦታውን መርጠው ያስገጠሙት ነው። ዛሬ ደግሞ አይዘንብም። ካልተቆረጠ እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ተነሡ? እግዜር ይስጥልኝ። ይኸው ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ሁላችሁም ስሙ። እስኪደርሱ ድረስ ልመርቃችሁ፤ ተናደድኩ እንጂ አረመኔ አይደለሁም።

ቲጂ፣ የሚያመሰግንሽን ደዋይ ያብዛልሽ። አሜን አሉ አቶ ታዴዎስ፣ ሰማችሁ? ኢዩኤል፣ ምሳ ላይ ያለህን ድፍረት ስብሰባም ላይ ይስጥህ። አሜን፤ አሁንም ይሰማል፣ ደረጃውን እየወረዱ ነው። ሄርሞን፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ሁላችሁንም ጤና አያሳጣችሁ፤ እውነት ተናግራችሁ እንጀራችሁን የማታጡበት መሥሪያ ቤት ያድርግላችሁ። አሜን።

ገመዳንም ሰኞ ወደ ሥራው ይመልስልን።

አቶ ታዴዎስ?

አቶ ታዴዎስ፣ አሜን ይበሉ እንጂ!

አትሳቁ። እምቢ ብለው አይደለም፤ በሩ ላይ ደርሰው ነው። እኔ አልሰማቸውም፣ እሳቸውም አይሰሙኝም። እዚያ የሚያናግሩት ሰው ቢኖር ገመዳ ብቻ ነው።