አሮጌዋን ሳይክል ያቀለልንባቸው ቅዳሜዎች

እባካችሁ ለአንድ አፍታ ጸጥታ። ኬኩ የትም አይሄድም። ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው ይናገር ተብሎ እኔ ተመርጫለሁ። ማን እንደመረጠኝ አትጠይቁ፤ ራሴው ነኝ።

ጋሼ እዚህ የሳይክል ጋራዥ ሲቀጠሩ፣ የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ እኔ አልተወለድኩም። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀናቸውን የምነግራችሁ የመጋዘኗ እትዬ ባወሩኝ መሠረት ነው፤ ከጨመርኩበት እዚያው ሆነው ያርሙኛል። ጠዋት ላይ አንድ ቀጭን ሰው ኮርቻ በሌለው ሳይክል ከች አለ። ዘበኛው በሩ ላይ አስቆሙት።

"ወንድሜ፣ ኮርቻህን ተሰረቅህ እንዴ?"

"አይ፣ ቤት ትቼው ነው። ከቤቴ እስከዚህ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ ቆሜ ነው የምነዳው። ምን አሸከመኝ?"

"ማታ ስትመለስስ? ዳገት አይደል?"

"ዳገትም ቆሜ ነው የምወጣው።"

"ታዲያ መቼ ልትቀመጥ ነው?"

"ጡረታ ስወጣ!"

ይኸው ዛሬ መሃላችን ተቀምጠዋል። እዚህ ቤት ውስጥ ረጋ ብለው ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እሱንም ቢሆን ወንበሩ የከበዳቸው መሰለኝ፤ ከመጡ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብለው ብሎኖቹን ሲያዩ አይቻለሁ።

ልቀጥል። ጋሼን አራት ዓመት ሙሉ ያስጠበቅኳቸው አንድ ቃል አለ። እሳቸው ያውቁታል፤ ከእናንተም ግማሾቻችሁ ትገምታላችሁ። ዛሬ እለዋለሁ ብዬ ነው የቆምኩት። እንደምለው ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ላስቃችሁ።

ከጋሼ ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለችውን ሚዛን የማያውቃት የለም። ከሳይክል ላይ የተፈታ ነገር ሁሉ፣ ፔዳልም ይሁን የፍሬን ሽቦ፣ መጀመሪያ እሷ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ጋሼ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፉታል። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ሁለቴም ቀለም ቀቢውን "ይቺን ማዕዘን አትንካብኝ" ብለው ለምነውታል። ገንዘብ ያዣችን የወለደች ጊዜ ሰው ሁሉ "ወንድ ነው ሴት?" ሲል ጋሼ ምን አሉ?

"ስንት መዘነ?"

"ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ" አሏቸው።

"ከነዳይፐሩ?"

ምሳ የሚበሉበት ማንኪያስ? እጀታው ላይ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ በመሰርሰሪያ የበሱት ናቸው። አንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ዳቦ ከነማርማላታው ሲጨርሱ አይቼ፣ "ጋሼ፣ ለማንኪያው ያሰቡለትን ያህል ለሆድዎ አላሰቡለትም" አልኳቸው። ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉና፣ "ይሄ ከፋብሪካው የመጣ ነው፤ አይቀየርም" አሉኝ።

እኔ የመጣሁ ቀን ደግሞ ዲግሪዬን በጥቁር ማህደር ይዤ ነበር፤ የሜካኒካል ምህንድስና፣ ያውም በማዕረግ። ጋሼ ተቀበሉኝና፣ አንድ ቃል ሳያነቡ፣ ሚዛኗ ላይ ሰቀሉት።

"ሁለት መቶ አርባ ግራም" አሉ። "ማህደሩን ካወጣንለት አስር አይሞላም። ልጄ፣ የቀረው ጭንቅላትሽ ውስጥ ካለ ችግር የለም።"

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን የጎማ ሽቦ አወጣጠር ሲያሳዩኝ፣ ሽቦዎቹን በጥፍራቸው እየነኩ በሽቦው ድምፅ ነበር የሚያስተካክሉት። አምስት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ሁሉ ጣታቸው ላይ ነበር። ኩርፊያዬን ረሳሁት።

አሁን ደግሞ የማያስቀው ይምጣ።

አዲስ የመጣችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። የዛሬ አራት ዓመት ያቺ ጥግ የቆመችው ነርስ ሳይክሏን አመጣችልን። ከፊትም ከኋላም መንገጫገጭ የሚያበርድ አሞርዛተር ያላት የተራራ ሳይክል ናት፤ አቅልሉልኝ አለችን። ሥራውን ጋሼ ጀመሩት። ዓይናቸውን ሊታከሙ ፈቃድ ሲወጡ እኔ ተረክቤ ጨረስኩትና የሥራ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። በሳምንቱ ቁልቁለት ላይ የኋላውን አሞርዛተር የሚይዘው ብሎን ተሰበረ። ነርሷ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ።

ሥራ አስኪያጃችን እዚህ አሉ፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ሁላችሁም ባላችሁበት የተሰበረውን ብሎን አንስተው፣ "ይሄ ነው የዲግሪ ሥራ?" አሉኝ።

"ይሄን ብሎን እኔ አላስገባሁትም" አልኩ።

"ታዲያ በራሱ ጊዜ ገባ?"

ሳቃችሁ። ከሳቃችሁት አንዳንዶቻችሁ አሁን ብርጭቆ ይዛችሁ ፊቴ ቆማችኋል። ጠጡ፣ አልተቀየምኩም። ትንሽ ብቻ።

ከጠረጴዛዬ አንስተው መግቢያው ላይ ስልክ እንዳነሳ አደረጉኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ማህደሬ ውስጥ ገባ። እኔም አስራ ሰባት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ፤ ከነስዕሉ፣ ከነስሌቱ። ያነበበው የለም። ሁለት ወር "ጤና ይስጥልኝ፣ ምን እንታዘዝ?" እያልኩ ከመስታወቱ ማዶ ባዶ ጠረጴዛዬን አየሁ።

ጋሼ ከህክምና ተመለሱ። ጠዋት ጠዋት በፊቴ ያልፋሉ። "እንዴት አደርሽ ልጄ" ይላሉ፤ ግን አያዩኝም። ዓይናቸው ገና አልዳነም ብዬ አሰብኩ።

አንድ ረቡዕ፣ ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ፣ ጋሼ መፍቻቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱ።

"ስሙኝማ። የነርሷን ብሎን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የብረቱን አውጥቼ አሉሚኒየም ከተትኩበት፤ ጥቁር ቀለም ስላለው አይለይም። ዘጠኝ ግራም ለመቀነስ ብዬ ነው። ሥራውን ለተረከበችኝ ልጅም ሳልነግራት ሄድኩ።"

ሥራ አስኪያጃችን ብድግ አሉ። "ጋሼ፣ ቢሮ ገብተን ብንነጋገርበትስ?"

"ልጅቷን ያዋረድካት እዚህ፣ ሰው ፊት ነው። እኔም እዚሁ ነው የምናገረው።"

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። የስልኩ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ፤ ቆባቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

"መቼ አወቁ?" አልኳቸው።

"ከፈቃድ የተመለስኩ ዕለት። እትዬ መጋዘን ብሎኑን አሳየችኝ፤ እጄ ላይ ሳስቀምጠው አወቅኩት።"

"ያ ማለት ስንት ቀን?"

"አስራ አንድ።"

"አስራ አንድ ቀን ሙሉ እንዴት አደርሽ ይሉኝ ነበር?"

"ፈራሁ" አሉ።

እኔ ደግሞ፣ "ስልክ እየጠራ ነው" ብዬ አነሳሁት።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ደብዳቤው ከማህደሬ ወጣ። ነርሷ እጇ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ጋሼ በየጠዋቱ ቤቷ እየሄዱ ዕቃዋን ሲያመላልሱላት እንደነበር ከራሷ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው አልነገሩኝም። ይቅር ብያለሁ የሚለውን ቃል ግን ከእኔ አልሰሙም። ሁለቱን ወር የወሰደብኝ ስህተት ነው፤ ስህተት ማንም ይሳሳታል። እኔም ብሎኑ መጥበቁን አየሁ እንጂ ከምን እንደተሠራ አላየሁም። አስራ አንዱ ቀን ግን ስህተት አልነበረም። አውቀው ነው። እሱ አልዋጥልኝ አለ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ፣ የራሳቸውን ሳይክል እየገፉ ገቡ። ያቺን አሮጌ ባለሁለት አሞርዛተር። ያኔ ስታዩዋት የኋላ ሞላዋ የክንዴን ውፍረት ያክላል፤ ፊት ለፊት ሰንሰለት የሚዞርባቸው ሦስት ጥርሶች፣ ከስር እንደ ዝሆን እግር የወፈረ ጎማ። ሚዛኗ ላይ ሰቀልናት፤ አስራ አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ።

"አብረን እናቅልላት?" አሉኝ።

"ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ብሎን አትገባም።"

"እሺ።"

"ክብደት የሚሸከም ብሎን ሁሉ ብረት ነው። ክርክር የለም።"

"እሺ አልኩ እኮ! ምን ፈለግሽ፣ ልፈርም?"

"ይፈርሙ።"

ፈረሙ። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እንዲህ ጀምረን ቅዳሜ በቅዳሜ ሆንን። መስኮቱ ስር ያለው ጠረጴዛ፣ የቅባቱ ሽታ፣ ጥግ ላይ የምታንሾካሹከው የጋሼ አሮጌ ሬዲዮ። ያን ጊዜ እየሠራን ስለነበር ልብ አላልኩትም፤ ካለፈ በኋላ ነው በሕይወቴ ከሁሉ ደስ ያሉኝ ሰዓቶች እነዚያ እንደነበሩ የገባኝ። ሥራው ቶሎ አያልቅም። ሰው ሁሉ ዙሪያው ወደ ገዘፈ ጎማ ስለሄደ ለእንዲህ ዓይነቷ የሚሆን ቸርኬ ለማግኘት ብቻ ስምንት ወር ጠበቅን። ጋሼ አንዳንዱን ሆን ብለው አዘግይተውታል ብዬም እጠረጥራለሁ።

ሞላውን አውጥተን በአየር የሚሠራ አሞርዛተር እንግጠም ስል የተነሳውን ጭቅጭቅ ብትሰሙ!

"አየር? እኔ አየር አምኜ አልወጣም!"

"ጎማዎ ውስጥ ያለው ታዲያ ምንድነው?"

ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና፣ "እሱን ለምጄዋለሁ" አሉ።

የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪያውን፣ አውጥተን ጎማውን በፈሳሽ ማሸጊያ ስናሽግ ደግሞ ጋሼ በፓምፑ አብዝተው ነፉት። ጎማው ከቸርኬው ተላቀቀና ነጩ ፈሳሽ የሥራ አስኪያጃችንን አዲስ ካፖርት አገኘው፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሥራ አስኪያጅ፣ እስከ ዛሬ ጣሪያው ያፈሰሰ እንደመሰለዎት አውቃለሁ። ጣሪያው ደህና ነው።

ከፊት ሦስቱን ጥርስ አውጥተን በአንድ ስንተካ ጋሼ ትንሿን ጥርስ አልጥልም አሉ። "ይቺ ስንት ዳገት አብራኝ የወጣች ናት" ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤት ወሰዷት። ባለቤታቸው ማታውኑ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ የምታወልቁትን ሁሉ እኔ ቤት ነው የምታራግፉት እንዴ? ሳይክሏን ስትጨርሱ እሱንም እንደሷ አድርጊልኝ" አሉኝ።

ሁልጊዜ ሥራ ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ ጋሼ፣ "ልጄ፣ ያ ነገር..." ብለው ይጀምራሉ። እኔም፣ "ሳሙናውን ያቀብሉኝ" እላለሁ። ያቀብሉኛል። በዚህ እንለያያለን። ስንት ቅዳሜ መሰላችሁ? አልቆጠርኩም፤ መቁጠሩን ፈርቼ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጨረስናት። አስራ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። የቀረው የኋላው አሞርዛተር ብሎን ብቻ ነበር፤ ያው ራሱ ቦታ። ጋሼ ከሳጥኑ የብረት ብሎን አወጡ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡት፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

"አንቺ አጥብቂው።"

አጠበቅኩት። ጋሼ አጎንብሰው አላዩትም፤ በጣታቸው እንኳ አልነኩትም። ኮርቻው ላይ ወጡና ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ተለቀቁ። ስድሳ ዓመታቸው ነው! ድንጋዩ ላይ ሲዘሉ አሞርዛተሩ እጥፍ ዘርጋ ይላል፤ እሳቸው ደግሞ እየጮሁ ይስቃሉ። እኔ መፍቻውን እንደያዝኩ ከላይ ቆሜ ቀረሁ። ቢሰበርስ? ከፋብሪካው የተሰነጠቀ ቢሆንስ? በደንብ አጥብቄዋለሁ? እውነት አጥብቄዋለሁ?

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ራሴን ጠየቅኩ። ያ ብሎን ቢሰበር፣ ጥፋቱም በሌላ ሰው ቢሳበብ፣ እኔ ስንት ቀን ይፈጅብኝ ነበር? በዚያው ዕለት እናገር ነበር ለማለት እፈልጋለሁ። አላውቅም። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ አላውቅም። ጋሼ ያን ረቡዕ፣ "ገና ዛሬ ነው ያወቅኩት" ቢሉኝ ኖሮ አምናቸው ነበር። ብሎኑን ሲያዩት ማወቃቸውን እትዬ እንኳ ስላላወቁ ማንም ሊያጋልጣቸው አይችልም ነበር። አስራ አንድ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ላይ የሚመሰክረውን ቁጥር በገዛ እጃቸው ሰጡኝ፤ እኔም አራት ዓመት በዚያው ቁጥር ከሰስኳቸው።

ከሰኞ ጀምሮ የጋሼ ጠረጴዛ የእኔ ነው። ሥራ አስኪያጅ፣ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ የሚገባኝ ስለሆነ ግን ብዙ አላመሰግንም። ያን ጊዜ ሰው ፊት ላሉኝ ነገር ይቅርታ እስካሁን አልሰማሁም። ሲዘጋጁ ጠረጴዛዬ የት እንዳለ ያውቃሉ።

ጋሼ። እጄን ሥራ ያስያዙት እርስዎ ነዎት። ጎማ በጆሮ እንደሚቃና፣ ጎማ የሚያዞረው ኩሽኔታ ሲያረጅ በመዳፍ እንደሚሰማ፣ ሰው ሲሳሳት ሰው ፊት ቆሞ እንደሚናገር ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ቢዘገዩም አሳዩኝ። እኔም ዘገየሁ፤ ከእርስዎ ይልቅ እጅግ ዘገየሁ።

ይቅር ብዬዎታለሁ። ብሎኑንም፣ አስራ አንዱንም ቀን።

ላስጠበቅኩዎት አራት ዓመት ደግሞ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ። መልሱን አሁን አልፈልግም፤ እኔም ትንሽ ልጠብቅ፣ ይገባኛል።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ነርሷ፣ አንቺም፤ በዚያ በተሰበረው እጅሽ አንሺ፣ ጋሼ እንዲያዩት። ጋሼ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎት፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ፍሬንዎ ሁልጊዜ ይያዝልዎ። ባለቤትዎም እስኪሰለቹዎት ድረስ ቤት ውስጥ ያግኙዎት።

ማልቀስ የምትፈልጉ ማልቀስ ትችላላችሁ። እኔ አላለቅስም። ዓይኔ ውስጥ የገባ ነገር ነው።

ለጋሼ!