ጥጉ የጎደለው ካሬ

ለነርስነት ትምህርት መግቢያ ፈተና የኳድራቲክን ቀመር ሸምድጄው ነበር፤ ከየት እንደመጣ ስለማላውቅ ግን ቶሎ ቶሎ ይጠፋብኛል። ዓርብ ጠዋት እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ባሕር ዳር ተቀምጠን ልጄን ሺራን ጠየቅኋት። እርጥቡ አሸዋ ላይ ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ሣለች። ከእኩልታው ቢ ኤክስ የሚለውን እንደ ሰሌን ዘርግታ ለሁለት ከፈለችውና ግማሹን ከካሬው ጎን፣ ግማሹን ከታች አስጠጋችው። ጥጉ ላይ ባዶ ቦታ ቀረ።

"ኢማ፣ ማ ኻሴር?" አለችኝ በዕብራይስጥ፤ እማ፣ ምን ጎደለ ማለቷ ነው።

"ጥጉ።"

"ሙዪው" አለችኝ፣ አሁን በአማርኛ። "ከእኩልታው ማዶም ያንኑ ጨምሪ።"

ሞላሁት። የሁለቱንም ወገን ስኩዌር ሩት ሳወጣ ቀመሩ ራሱ ብቅ አለ። የባሕሩ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ወዲያው ማዕበል ሁሉንም ጠረገው። ሺራ ልትደግመው ጎንበስ ስትል "ተይ፣ እኔ እሥለዋለሁ" አልኳት። ስጨርስ ውኃው እግራችን ሥር ደርሶ ነበር፤ ሁለታችንም አልተነሣንም።